ጀልባ ይነቃል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከጓደኞቼ ጋር አንድ የፋይበርግላስ ጀልባ አለችን፤ እንግዳ ይዘን ወደ ዘጌ እንመላለሳለን። በቀደም ለት ድንጋይ ነክቷት ሆዷ ላይ ተጎዳች። ጉዳቱ ቀላል ስለነበር ራሳችን ሠራናት። ሌላ ጊዜ እንዳንቸገር አሠራሩን በአንድ ገጽ ጻፍኩት። «ጀልባዋ ከነቃች፣ የነቃውን ቦታ ጠግኑ» ብዬ ስጀምር ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ጀልባ ከእንቅልፏ ትነቃለች ወይ? ተሰነጠቀች በል። ደግሞም ጠግኑ ሳይሆን ለጥፉ ነው» አሉኝ። እኔ ግን እናቴ «ምጣዱ ነቃ» ስትል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ እናትዎ ናቸው ትክክል። ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ትንሽም አዘንኩ። ደስ ያለኝ «ነቃ»ን በዚህ ትርጉሙ የሚጽፍ ሰው በማግኘቴ ነው። ያዘንኩት ደግሞ በአማርኛ አፉን የፈታ ወጣት ቃሉን ሰምቶ በመሳቁ ነው።

«ነቃ» አንድ ግስ አይደለም፤ ሁለት ነው። በግዕዝ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። «ነቅሀ» ከእንቅልፍ ተነሣ ማለት ነው። «ነቅዐ» ደግሞ ተሰነጠቀ፣ ተተረተረ ማለት ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥል ሁለቱም አንድ ቤት ገቡ። «ሰምዐ» ሰማ ሆነ፤ «በልዐ» በላ ሆነ፤ «ነግሀ» ነጋ ሆነ። እንደዚሁ «ነቅሀ»ም «ነቅዐ»ም ነቃ ሆኑ። ማጥበቅና ማላላት እንኳ አይለያቸውም። በ«ነቃ» ላይ ቃ በሁለቱም ይጠብቃል፤ በ«ይነቃል» ላይ በሁለቱም ይላላል።

እዚህ ላይ ብቆም ለጥያቄዎ በቂ ነበር። ግን የዚህ ሥር አንድ ዘመድ አለ፤ ለጀልባ ሰው ሳልነግር አላልፍም። በግዕዝ «ነቅዕ» ምንጭ ማለት ነው። «ነቅዐ ማይ» የውኃ ምንጭ ነው። መሬት ሲነቃ ውኃ ይወጣል፤ ስንጥቁና ምንጩ አንድ ስም ያገኙት ከዚህ ነው። ጀልባ ሲነቃ ደግሞ ውኃው ወደ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ለነቃ ጀልባ ከዚህ የተሻለ ግስ ከየት ይመጣል?

አንዳንዶች ይህን አይቀበሉም። «ነቃ» ለሸክላ የተባለው በዘይቤ ነው ይላሉ፤ የተኛ ሰው ዓይኑን እንደሚገልጥ ሸክላውም ተገለጠ ለማለት ነው ባዮች ናቸው። ሲሰሙት ያምራል። ግን ስህተት ነው። ግዕዙ በዐይኑ ዐ እና በሃሌታው ሀ ለይቶ ጽፎት እያለ ዘይቤ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ሌላም ክርክር ያመጣሉ፦ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል አንባቢን ያደናግራል፣ ስለዚህ አንደኛው ይቅር ይላሉ። «ሳለ»ንስ ምን ልናደርገው ነው? ሥዕል ይሳላል፣ ቢላዋ ይሳላል፣ ጉንፋን የያዘው ሰውም ይስላል። «ሥዕሉን ሳለ» ሲባል አሳለው ብሎ የሚረዳ ሰው አላጋጠመኝም። «ምጣዱ ነቃ» ሲባልም ምጣዱ ከእንቅልፉ ተነሣ የሚል የለም።

እርግጥ የእንቅልፉ ነቃ ልጆቹ በዝተዋል። ንቃት፣ ንቃተ ኅሊና፣ ማነቃቂያ፣ የአራዳው ነቄም ሳይቀር የእሱ ናቸው። የስንጥቁ ነቃ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ንቃቃት አለ። «ነቅ»ም አለ። «ነቅ የማይወጣለት ሰው» ስንል እንከን የሌለበት ማለታችን ነው፤ መነሻው ግን ስንጥቅ ነው። እኔ ብሆን በጽሑፍዎ ውስጥ «የጀልባዋ ነቅ» ብዬ እጽፍ ነበር። ማስረጃ አምጣ ብባል የለኝም፤ ነቅ ለጀልባ ሲባል ሰምቼም አላውቅም። አጭር ነው፣ የራሳችን ነው፣ ደስ ይለኛል።

ጓደኞችዎ «ተሰነጠቀች በል» ማለታቸው ፈጽሞ ስህተት ነው አልልም። ሁለቱን ቃላት ማምታታት ግን እዚህ ላይ ሥራውን ያበላሻል። ሰነጠቀ የእንጨት ቃል ነው። ፈላጭ ግንድ ሲሰነጥቅ መጥረቢያው ከላይ ገብቶ በታች ይወጣል። ነቃ ግን የሸክላ ነው፤ ቀጭን መስመር ሆኖ ፊቱ ላይ ይታያል፣ ዕቃው ገና አልተለያየም። ጀልባችሁም በሁለቱም መንገድ ትጎዳለች። የፋይበርግላስ ጀልባ ላዩ ላይ ጄልኮት የሚሉት ልባስ አለው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሥሩ በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) የተያያዘ የመስታወት ክር ድርብርብ ሆኖ ይገኛል። ድንጋይ ሲመታት አንዳንዴ ጄልኮቱ ብቻ እንደ ሸረሪት ድር ይሆናል። ይህ ነቅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ድርብርቡ ራሱ ይከፈታል። ይህ ስንጥቅ ነው። ሥራቸው ለየቅል ስለሆነ ስማቸውም ለየቅል ይሁን።

የትኛው እንደሆነ ማወቂያው ደግሞ የእናቶቻችን ነው። እንስራ ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ያዳምጡ የለ? ጀልባም እንደዚያ ነው። በሳንቲም ወይም በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ሲመቷት ጤናማው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድርብርቡ የተላቀቀበት ቦታ ድፍን ይላል።

አሁን ወደ ጠገነና ለጠፈ ልምጣ። እዚህም ከእርስዎ ጋር ነኝ። ጠገነን ከወጌሻ እጅ አልለየውም፤ የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፣ ተጋጥሞም አንድ አካል ይሆናል። ጥገና የመጣው ከ«ጥግ» ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ ጥገኛንም አብሮ ይጠራል። አይደለም። በጥገኛ ውስጥ ያለው «ኛ» ቅጥያ ነው፤ እግር እግረኛ፣ ፈረስ ፈረሰኛ እንደሚሆን ጥግም ጥገኛ ሆነ። በጠገነ ውስጥ ግን «ን» የግሱ ሥር ነው። ለጠፈ ደግሞ የማስታወቂያ ነው፤ ላይ ላዩን ይያዛል፣ ዝናብ ሲነካው ይላጣል።

ጀልባ ላይም እንዲሁ ይሆናል። ስንጥቅ ላይ የመስታወት ጨርቅ በሬዚን ነክሮ ጣል ማድረግ ልጠፋ ነው፤ አይቆይም። ጥገና የሚሆነው የስንጥቁ ዳር ዙሪያውን ሰያፍ ሆኖ ሲሞረድ ነው። ሰያፉ የግድግዳዋን ውፍረት 12 እጥፍ ያህል ይርዘም። ግድግዳዋ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየዳሩ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል ማለት ነው። አዲሱ ጨርቅ ያን ሁሉ ቦታ ነክሶ ይይዛል፤ እንደ ተጠገነ አጥንት።

«ፋይበርግላስ»ን እንዳለ ይጻፉት። ሰው «ፋይበር» ብሎ አሳጥሮታል፤ እሱም አይከፋም።

አንድ ነገር ግን ልመን። ጋራዥ ውስጥ ነቃም ተሰነጠቀም የሚል ሰው እየጠፋ ነው። «ክራክ አለው»፣ «ክራክ አድርጓል» ነው የሚባለው። ቃሉ ሥር ሰድዷል፤ ይግባባል፤ ግሳችን «አደረገ»ም ተሸክሞታል። አልወደውም። ነገር ግን ያ ገጽ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ልጆቹ አንብበው እንዲሠሩበት ነው፤ እኔን ደስ እንዲለኝ አይደለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጀመሪያው ላይ፣ ይግባ። እንዲህ ብለው ቢጽፉትስ፦

«ጀልባዋ ከነቃች (ክራክ ካደረገች) መጀመሪያ አንኳኩታችሁ አዳምጡ። ጥርት ያለ ድምፅ ካላት ነቅ ነው። መስመሩን በሹል ነገር ከፈት አድርጉት፤ በአሴቶን አጽዱት፤ ሲደርቅ ጄልኮት ሙሉት። አየር እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍኑት፤ አየር የነካው ጄልኮት ላዩ አይደርቅም። ሲጠነክር በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። ድፍን ካለች ግን ስንጥቅ ነው። የተላቀቀውን ጠርጋችሁ አውጡ፤ በደንብ አድርቁ፤ ዳሩን ሰያፍ ሞርዱና በጨርቅና በሬዚን ጠግኑ። ስትሞርዱ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ጓንትም አድርጉ። የመኪና ስቱኮ ውኃ ስለሚጠጣ ከውኃው መስመር በታች አትቀቡ።»