ቤቱ በስሙ ስለሆነ ምንም አይደርስሽም ለተባልሽው እህቴ

እህቴ፣ «ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን ካርታው በባሌ ስም ነው፤ ብትፈቺኝ ባዶ እጅሽን ነው የምትወጪው ይለኛል፤ እውነቱን ነው?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው። የኔም ሰውዬ ጠዋት ማታ ይቺኑ ነበር የሚለኝ። ቢረዝምብሽም ታግሰሽ አንብቢልኝ።

1. ውሸቱን ነው። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አንቀጽ 63 ንብረቱ በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል። የግሌ ነው ካለ ማስረጃ የሚያመጣው እሱ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ወይም በውርስና በስጦታ ያገኘው ከሆነ ግን የግሉ ነው። እኔም እናቴ የሰጠችኝን ወርቅ ያተረፍኩት ስትሰጠኝ ያዩ ሁለት ጎረቤቶች ስለመሰከሩልኝ ነው።

2. ውክልና ሰጥተሽው ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደሽ ሻሪው። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሸጬ፣ ዕቁብ ወጥቶልኝ የገዛናት አይሱዙ ነበረችን፤ ሊብሬዋ በኔ ስም። በ2009 እናቴ ታማብኝ ሐረር ሳስታምም ቦሎ እንዲያሳድስልኝ ብዬ ውክልና ሰጠሁት። ጸሐፊው የጻፈውን ሳላነብ ነው የፈረምኩት። «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ቃል ነበረበት። በ2012 ሽማግሌዎቹ ገና እየተመላለሱ ሳለ መኪናዋ ከደጅ ጠፋች። ጋራዥ ናት አለኝ፤ አመንኩት። ለካ በዚያው ውክልና ሸጧት ኖሯል።

የሽያጩን ውል ኮፒ ፍለጋ አንድ ቢሮ አራት ቀን ተመላለስኩ። ሰውየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «እቤትሽ ሂጂና ከባልሽ ታረቂ፤ ወረቀት ምን ያደርግልሻል» አለኝ። በዚያ ሙቀት፣ ልጅ አዝዬ! የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዤ ስመለስ ፋይሉን ወረወረልኝና በጣቱ የራሴን ፊርማ አሳየኝ። ውክልናዬ ከውሉ ጋር ተሰፍቶ ተቀምጧል። ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ 310 ሺህ ብር ነው። 800 ሺህ ሰጥተውን አንሸጥም ያልናትን መኪና! ከዚያ በላይ መሸጧን ማስረዳት ስላልቻልኩ የደረሰኝ የወረቀቱ ግማሽ፣ 155 ሺህ ብር ብቻ ነው።

3. እግድ፣ ማለትም ንብረቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ የሚከለክል የፍርድ ቤት ትእዛዝ። የፍቺውን አቤቱታ ስታስገቢ በቤቱም፣ በመኪናም፣ ባንክ ባለው ገንዘብም ላይ እግድ አብረሽ ጠይቂ። እኔ «ለሽማግሌዎቹ ክብር» ብዬ ሦስት ወር ዘገየሁ። ሽማግሌዎቹን አከብራለሁ፣ ግን እነሱ እኛ ቤት ቡና እየጠጡ ነው አይሱዙዋ የተሸጠችው። ውክልና ካልሰጠሽው ቤቱን ያለ አንቺ ስምምነት መሸጥም ማስያዝም አይችልም። ሸጦት ብታገኚው ደግሞ ባወቅሽ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ካልከሰስሽ መብትሽ ያልፍብሻል፤ ቀኑን ቁጠሪ።

ዕዳም ይዞብሽ ይመጣል፣ ተዘጋጂ። የኔው ቤቱን የሠራሁት ከወንድሜ 200 ሺህ ተበድሬ ነው ብሎ ወረቀት አቀረበ። ለትዳሩ ጥቅም የዋለ ዕዳ የጋራ ስለሆነ ግማሹ እኔ ላይ ሊወድቅ ነበር። ያዳነኝ የሲሚንቶና የብረት ደረሰኞቹን በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ማስቀመጤ ነው። አብዛኛው በኔ የንግድ ስም የተቆረጠ ነበር። ብድር የተባለው ወረቀት ላይ ያለው ቀን ደግሞ ጣሪያው ከተመታ በኋላ ነው! ዳኛዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ ስታያቸው የሱ ጠበቃ አንገቱን ደፋ።

ቤቱ ለሁለት የሚከፈል ስላልነበረ በባለሙያ ተገመተ። በስምምነት እኔ እንዳስቀረው ተወሰነ፤ የሱን ድርሻ ዕቁብ ገብቼ፣ ታናሽ ወንድሜም አግዞኝ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፈልኩት። ካርታው ዛሬ በኔ ስም ነው፣ ልጆቼም ያደጉበት ግቢ ውስጥ ናቸው።

ውክልና መስጠት አለመስጠትሽን አልጻፍሽም። ሰጥተሽ ከሆነ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ማታ ሱቅ ስዘጋ አየዋለሁ።