ስሙን ተዪው፣ አጥቢያውን ፈልጊ

እህቴ፣ የባለቤትሽ ቅድመ አያት ከስዊድን ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ እንደመጣና ስሙ ቻርልስ ጆንሰን እንደሆነ ብቻ እንደምታውቂ ጽፈሻል። ከየት ልጀምር ነው ጥያቄሽ። እኔም የስዊድን ዘር ያለው ቤት ምራት ነኝ። ፍለጋው ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። የመጀመሪያውን ክረምት በሙሉ የሰው ዘመድ ሳሳድድ ነው ያሳለፍኩት። ስሙ አንድ፣ የልደት ዓመቱ አንድ፣ ሰውዬው ግን ሌላ!

ስለዚህ ስሙን ለጊዜው ተዪው። ቻርልስ እዚህ የወጣለት ስም ይሆናል፤ አገሩ ላይ ካርል ዮሃንሶን ሳይባል አይቀርም። እሱን የመሰለ ካርል ዮሃንሶን ደግሞ በስዊድን እንደ አሸዋ ነው። ባሌ የስማቸው ነገር ግራ ሲገባው እኔ ወዲያው ገባኝ። የኛው አጠራር ነዋ! ዮሃንሶን ማለት የዮሃን ልጅ ነው። የካርል ልጅ ካርልሶን ይሆናል፣ ሴቷ ካርልስዶተር። አግብታም የአባቷን ስም አትለቅም ነበር። ቋሚ የቤተሰብ ስም በሕግ የጸናው በ1901 (እ.ኤ.አ.) ነው። ወታደር ከሆነ ደግሞ ጉድ ነው፤ ጦሩ ራስክ (ፈጣን)፣ ሞዲግ (ደፋር) እያለ አዲስ ስም ያወጣለታል። የኛ የፈረስ ስም ትዝ አለኝ።

የሚያስፈልግሽ የልደት ቀኑና የተወለደበት አጥቢያ ነው። የስዊድን መዝገብ የተደራጀው በአጥቢያ ነው። በ1686 የቤተ ክርስቲያን ሕግ መሠረት ቄሱ ቤተሰቡን ሰብስቦ ማንበብና ትምህርተ ሃይማኖት ይፈትን ነበር። የዚህ ፈተና መዝገብ ሁስፈርሆርስሌንግድ ይባላል። ስሙ ያስፈራል፣ ውስጡ ግን ሀብት ነው። የልደት ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ የንባብ ችሎታ፣ የፈንጣጣ ክትባት ሳይቀር አለበት። ሰው ከአጥቢያ አጥቢያ ሲዛወር ከቄሱ መሸኛ ይዞ ስለሆነ እግር በእግር ትከተይዋለሽ። ወደ አሜሪካ ከሄደም ይጻፋል። የስዊድን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከ2018 ጀምሮ ይህን ሁሉ በድረ ገጹ በነፃ ያሳያል።

አጥቢያውን ግን እዚያ አትፈልጊው፤ እዚሁ አሜሪካ ነው የሚገኘው። የሕዝብ ቆጠራውም የሞት ሰርተፍኬቱም "ስዊድን" ብለውኝ አለፉ። ያዳነኝ ስዊድኖቹ እዚህ ያቋቋሙት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የአባላት መዝገብ ነው። ቄሶቹ ያገራቸውን ልማድ ስላልተዉ የመጣበትን አጥቢያ ብዙ ጊዜ ጽፈውታል። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ ከሆነ ኢሊኖይ፣ ሮክ አይላንድ፣ ኦገስታና ኮሌጅ ውስጥ ያለውን የስዌንሰን ማዕከል ጠይቂ፤ የብዙዎቹን ቅጂ ይዟል። አንድ ጥንቃቄ፦ ኦስ የሚባል አጥቢያ በዬምትላንድም በስሞላንድም አለ። ክፍለ ሀገሩን ሳታረጋግጪ አትሩጪ።

መርከቡን መጨረሻ ላይ አድርጊው። የኒውዮርኩ የስደተኞች መቀበያ ኤሊስ አይላንድ የተከፈተው በ1892 ነው፤ ከ1855 እስከ 1890 ከመጣ በፊተኛው መቀበያ በካስል ጋርደን ነው የሚፈለገው። ብዙዎቹ ከስዊድኑ ወደብ ከጎተንበርግ ወደ እንግሊዝ ወደብ ሃል፣ ከዚያ በባቡር ሊቨርፑል፣ ከዚያ በመርከብ ኒውዮርክ ነው የመጡት። የጎተንበርግ ፖሊስ የተጓዦች መዝገብ ከ1869 ጀምሮ አለ። የመጡበትን ቦታም ስለሚጠቅስ ለማመሳከር ጥሩ ነው።

የአማቴን ቅድመ አያት ገጽ ስናገኝ፣ ንባቧ ላይ ቄሱ ያደረጉባትን ምልክት አይተን "ደካማ ነበረች" ብለን ስንስቅ አመሸን። ለካ ምልክቱን ያነበብነው ተገልብጦ ነው። የነዚያ ቄሶች የእጅ ጽሑፍ ያሰቃያል። ገጹን ስታገኚ ፎቶውን ለጥፊው፣ አብረን እንፈታዋለን።