እጅ ከመቆጠሩ በፊት

ልጆቼ፣ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዛችሁ ስትከራከሩ እሰማለሁ። አንዱ «ብዙኃኑ ይወስን» ይላል። ሌላው «ታዲያ እኛን ጥቂቶቹን ማን ይጠብቀን?» ይላል። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ጭቅጭቁ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

ዕድሜዬን በጥብቅና ነው የፈጀሁት። ይህን ነገር የተማርኩት ግን ከእድር ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሳለሁ ወርሃዊ መዋጮ ይጨመር ተባለ። እጅ ተቆጠረ፣ አለፈ። ቃለ ጉባኤውን ራሴ ጻፍኩት፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ከዚያ ጡረተኞቹ መክፈል አቃታቸው። ደንቡ ደግሞ ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ይላል። ሃያ ዓመት ለሰው ድንኳን ሲተክሉ የኖሩ ሰዎች ሊሰረዙ! አፈርኩ።

እንደገና ተቀመጥን። ጡረተኞቹ ያለ እነሱ ፈቃድ መዋጮ እንዳይነካ ፈለጉ። እሱን እምቢ አልን፤ አለዚያ እድሩ ይከስራል። መዋጮው በድምፅ ይወሰን፣ አባልነት ግን ለድምፅ አይቅረብ ተባባልን። እዚህ ለመድረስ ሦስት እሁድ ፈጀብን።

የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ስታነቡ ይቺን ድርድር ፈልጓት። ተወካዮች ምክር ቤት ከ550 አይበልጥም፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ ለአናሳ ብሔረሰቦች ነው። በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው፤ በየአንድ ሚሊዮን ሕዝቡ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። አንቀጽ 105 ይብሳል። የመብቶቹን ምዕራፍ ለማሻሻል የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ መስማማት አለባቸው። ያኔ ክልሎቹ 9 ነበሩ፣ ዛሬ 12 ናቸው። አንቀጹ ሳይነካ እምቢ ባዩ በዛ። የሐረሪ እምቢታ ከኦሮሚያ እኩል ይከለክላል። ለትንሹ ትልቅ ዋስትና ነው። ስህተት ሲገኝስ? እሱም እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። ዋጋውን ሳትነግሩት ለማንም ዋስትና አትስጡ።

ድርድር ላይ ስትቀመጡ «ስንት ናችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «የትኛውን ብትነጠቁ ትታችሁን ትሄዳላችሁ?» በሉ። መጀመሪያ ረጅም ዝርዝር ይመጣል። አትደንግጡ፣ ቡና አስመጡ፤ ያጥራል። ደግሞ በክልሉ ብዙ የሆነው ሰው በወረዳው አናሳ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ወንበር አስቀምጡት።

አሁን እኔም ቢሮዬን ዘግቼ በቁጠባዬ ነው የምኖረው። ባለፈው ወር መዋጮ ይጨመር ሲባል ተቃወምኩ፣ ተሸነፍኩ። ከፈልኩ። ቅዳሜ ለቅሶ ነበር፤ ድንኳኑን አብሬ ተከልኩ።