ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ሳይኖር ሥራ ይጀመራል ወይ? በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚሠሩ ጥያቄና መልስ

ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላንና ቃሊቲ ያላችሁ የብረታ ብረትና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ አዲስ ነገር ለመሥራት የምትሞክሩም ጭምር፣ ብዙ ጥያቄ ልካችኋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ከሱሉልታ፦ ጋሼ፣ ለወተት ላሞች የመኖ መከትከቻ ማሽን እየሠራሁ ልሸጥ አስቤያለሁ። ዕቁብ ሲወጣልኝ ቶርኖ ልግዛበት?

አይ ወንድሜ፣ ቶርኖው ይቆይ። ከመከትከቻው ውስጥ የግድ ቶርኖ የሚፈልገው ሻፍቱ (የሚሽከረከረው ዘንግ) እና የፑሌው (ቺንጋ የሚዞርበት ተሽከርካሪ) ቀዳዳ ነው። የቀረው አንጎላሬና ላሜራ ነው፤ ብየዳ፣ ፍሌክስ (መቁረጫና መሞረጃ) እና ትራፓኖ (መብሻ) ካለህ ይሠራል። ሻፍቱን ቶርኖ ቤት ከፍለህ አሠራ። ስትሄድ አሮጌ ዕቃ ይዘህ «እንደዚህ አድርግልኝ» አትበል፤ ልኩን በወረቀት ላይ ሥለህ ሂድ። የምትጠቀመው ቁጥር 6205 ኩሽኔታ (ሻፍቱን አቅፎ የሚያዞረው ቤሪንግ) ከሆነ የውስጡ ቀዳዳ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ነው። ሻፍቱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ በካሊፐር ተለክቶ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። ከላላ ሻፍቱ ኩሽኔታው ውስጥ እየተንሸራተተ ይበላል፣ ማሽኑ መጮኽ ይጀምራል፣ ገዢህም ለሰፈሩ ሁሉ ያወራል።

ፍጥነቱንም አስላ። ሞተርህ በደቂቃ 1,440 ጊዜ የሚዞር ከሆነና የሞተሩ ፑሌ 10 ሳንቲ ሜትር፣ የመከትከቻው 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ቢላዋው በደቂቃ 720 ይዞራል። ይህን ሳያሰሉ በግምት የተገኘ ፑሌ መግጠም ቢላዋውንም ሞተሩንም ይጎዳል። ቺንጋው ሽፋን ሳይኖረው አንድም ማሽን ከግቢህ አይውጣ፤ እሱን የምትነዳው ምናልባት የአርቢው ልጅ ትሆናለች።

በዕቁቡ ለሁለት ማሽን የሚሆን ብረትና ሞተር ግዛ። አንዱን ለምታውቀው አርቢ በቅናሽ ሰጥተህ በየሳምንቱ እየሄድክ ቢላዋውን፣ ብሎኑንና ኩሽኔታውን እይ። ቶርኖ ቤት የምትከፍለው ገንዘብ በየወሩ እየበዛ ሲያስቸግርህ ያን ጊዜ ስለ ቶርኖ እናወራለን።

ከቡራዩ፦ አራት ጓደኛሞች ነን። አዋጥተን አንድ ወርክሾፕ ብንከፍት እንጣላለን ብለን ፈራን።

መፍራታችሁ ጥሩ ነው። የምታጣላው ግን ብዙ ጊዜ ትንሿ ነገር ናት፦ ማን ፑንታውን (መብሻውን ጫፍ) ሰበረ፣ ማን ዘይት ሳይጨምር ሄደ፣ የማን ሥራ ይቅደም። ስለዚህ ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት የሰዓት ተመን አውጡ። ቶርኖውን በ600,000 ብር ገዛችሁ እንበል። በ5 ዓመት ዋጋውን እንዲመልስ ከፈለጋችሁ በዓመት 120,000 ብር ነው። አራታችሁ ተደምራችሁ በወር 100 ሰዓት ከሠራችሁበት በዓመት 1,200 ሰዓት ይሆናል፤ እናም ማሽኑ ብቻውን በሰዓት 100 ብር ማስገባት አለበት። መብራት፣ ኪራይ፣ ዘይትና ፑንታ በላዩ ይደመራል። ይህን ሒሳብ ባለቤቶቹም ክፈሉ። «የራሴ ነው» ብሎ በነፃ የሚሠራ ካለ፣ ብዙ የሚሠራው ጥቂት በሚሠራው ላይ እየኖረ ነው ማለት ነው፤ ጠቡ የሚጀምረውም እዚያ ነው።

ማሽኑ ላይ በገመድ የታሰረ ደብተር ይኑር፦ ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የተበላሸ ነገር። ከገቢው ለጥገና የሚሆነው በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ሁለት ሰው ሳይፈርም አይውጣ። አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው እንዴት እንደሚሰላና በስንት ወር እንደሚከፈለው ዛሬ፣ ፍቅር ሳላችሁ፣ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ክፍት ሰዓት ካላችሁ ለሰፈሩ ልጆች አከራዩ፤ ግን አንድ የሚያውቅ ሰው ከጎናቸው ይቁም። ቶርኖ ላይ ጓንት፣ ፎጣና የተንዘረፈፈ እጅጌ ክልክል ነው። የቻኩን (ብረቱን ጨብጦ የሚያዞረውን ክፍል) ቁልፍ ቻኩ ላይ ትቶ ማሽን ማስነሳት ሰው ይገድላል። ይህን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ከቃሊቲና ከሰበታ፦ የጋራ ወርክሾፕ ከሌለን ማሽን የት እናገኛለን?

በቅርባችሁ ያለ የፖሊቴክኒክ ኮሌጅ መጀመሪያ ይጠየቅ። ኮሌጆቹ በኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞችን በቴክኒክ ክህሎት፣ በኢንተርፕረነርሽፕ፣ በካይዘን (አሠራርን በትንሽ በትንሹ ማሻሻል) እና በቴክኖሎጂ መደገፍ ሥራቸው ነው። በወረዳችሁ የሥራ ዕድል የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይዛችሁ፣ ከደብዳቤው ጋር ደግሞ የምትሠሩትን ዕቃ ሥዕል ከነልኩ ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጁን የመጣ ሰው «ነገ ና» ይባላል፤ ሥዕል ያለው ግን አሠልጣኙን ያገኛል። የቃሊቲዎቹ ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም አይራቃችሁ፤ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚፈልግ የምህንድስና ተማሪ የእናንተን ችግር ርዕስ አድርጎ ሊሠራው ይችላል። አንድ ነገር አትሳቱ፦ ቃሊቲ ያለ ሰው ጉዳዩ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነው፣ ሰበታና ቡራዩ ያለ ደግሞ በኦሮሚያ ሥር በሸገር ከተማ ነው። በማይመለከተው ቢሮ ተሰልፋችሁ ቀን አታቃጥሉ።

ከለገጣፎ፦ ጋሼ፣ መብራት የሚቆጥብ የእንጀራ ምጣድ ሠርቻለሁ። ባሳየው ይሰርቁብኛል ብዬ ደብቄዋለሁ። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ጎበዝ። መጀመሪያ መቆጠቡን በቁጥር አረጋግጪ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል፤ ትንሽ ቅናሽ እንኳ ለጋጋሪ ትልቅ ነገር ነው። በአሮጌው ምጣድ 20 እንጀራ፣ በአዲሱም 20፣ ከአንድ ሊጥ ጋግሪ። ሁለቱም ከቀዝቃዛ ይጀምሩ፣ ቤት ውስጥ ሌላ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሁሉ ይጥፋ፣ በእያንዳንዱ ምጣድ ከመጋገርሽ በፊትና ጋግረሽ ስትጨርሺ ቆጣሪውን አንብበሽ ቀኑን ጨምረሽ መዝግቢ። ይህን በተለያዩ ቀናት ደጋግሚው።

ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሂጂ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ሦስት መንገድ አለሽ። ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ 15 ዓመት ይጸናል፣ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል፤ ግን ፈጠራው ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ እርምጃ እንዲኖረው ይጠየቃል። ላንቺ የሚቀርበው የግልጋሎት ሞዴል ይመስለኛል፦ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ፣ 5 ዓመት ጸንቶ ለ5 ዓመት የሚታደስ፣ አዲስነትንና ለሥራ መዋልን እንጂ ያን ከባድ መመዘኛ የማይጠይቅ። የክዳኑ ቅርጽ ብቻ ከሆነ አዲስ ነገርሽ የኢንዱስትሪ ንድፍ አስመዝግቢ። ማመልከቻው እስኪገባ በባዛር አታሳዪው፣ ቪዲዮም አትልቀቂ። አስገብተሽ ስታበቂ ግን ፈጥነሽ ሽጪ፤ ተደብቆ የተቀመጠ ምጣድ ማንንም አልጠቀመም።

ከገላን፦ ቤት የለኝም፣ ባንክ ምን አሲዤ ልበደር?

ቤት የሌለው መበደር አይችልም የሚባለው ድሮ ቀርቷል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽን፣ ዕቃና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና እንዲያዝ ይፈቅዳል። የማሽንህን ደረሰኝ አትጣል። ከብድሩ በፊት ግን የካፒታል ዕቃ ኪራይ ጠይቅ፤ አከራዩ ድርጅት ማሽኑን ገዝቶ ይሰጥሃል፣ አንተ እየሠራህ በየወሩ ትከፍላለህ።

ከሰበታ፦ የተከራየሁት ግቢ ሦስት ፌዝ (ሦስት የኤሌክትሪክ መስመር) የለውም። ሦስት ፌዝ ሞተር ማሠራት እችላለሁ?

ለትንሽ ሞተር አዎ፣ በኢንቨርተር። የሞተሩ ታርጋ ላይ 220/380 ቮልት የሚል ካለና በዴልታ (የሞተሩ ሦስት ጥቅልሎች ጫፍ ለጫፍ በሦስት ማዕዘን ተያይዘው) ከታሰረ፣ ከአንድ ፌዝ ገብቶ ሦስት ፌዝ 220 ቮልት የሚያወጣ ኢንቨርተር ያሠራዋል። የሚያስረው ኤሌክትሪሺያን ይሁን፣ ምድር መስመሩም ይረጋገጥ።

ከቡራዩ፦ ጋልቫናይዝድ ብረት ስበይድ ውዬ ማታ ያንቀጠቅጠኛል። ወተት እጠጣለሁ፣ አልተሻለኝም።

ወተቱ አይከላከልልህም። ጋልቫናይዝድ ብረት በዚንክ የተለበጠ ነው፤ የሚያምህ ከላዩ ተቃጥሎ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ነው። የምትበይደውን ቦታ ከግራና ከቀኝ በፍሌክስ ሙልጭ አድርገህ ጥረግ፣ ውጭ ላይ ነፋሱን ወደ ጎንህ አድርገህ በይድ፣ ለብየዳ ጭስ የተሠራ ማስክ አድርግ፤ ፎጣ ማሰር አይበቃም። ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ካልለቀቀህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ሐኪሙንም ጋልቫናይዝድ ስበይድ ነበር ብለህ ንገረው፤ ካልነገርከው ወባ ነው ብሎ ሊያክምህ ይችላል።