ጉበትም ቫይታሚንም ያልፈታው ዳፍንት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የሰባት ዓመት ወንድ ልጄ ቀን ቀን እንደ እኩዮቹ ሲሮጥ ይውላል፤ ሲመሽ ግን ቀሚሴን ይዞ ነው የሚሄደው። መብራት የጠፋ ዕለት ከተቀመጠበት አይነሳም። መምህሩም «ሰሌዳው አይታየውም» ብለውኛል። ጤና ጣቢያ ቫይታሚን ኤ ሰጥተውታል፤ አማቴም ጉበት እየጠበሱ ሲያበሉት ሁለት ወር አለፈ፤ ለውጥ የለም። ታላቅ ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አሁን 36 ዓመቱ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፣ ከ12 ሰዓት በፊት ግን ያስገባታል። አማቴ «የእናንተ ዘር ነው» ይሉኛል። እውነት ዳፍንት ይወረሳል? በምንስ ይታወቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ሐሳቤ የሄደው ወደ ልጅዎ ሳይሆን ባጃጁን በጊዜ ወደሚያስገባው ወንድምዎ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጉበቱ። አማትዎ አልተሳሳቱም፤ ዳፍንት ሲባል በአገራችን ቀድሞ የሚጠረጠረው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፣ ጉበትም በዚህ ቫይታሚን የበለጸገ ነው። ነገር ግን እጥረት ያመጣው ዳፍንት መድኃኒቱን ሲያገኝ በቀናት ውስጥ ይሻሻላል። በልጅዎ ዕድሜ የሚሰጠው 200,000 ዩኒት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በማግስቱ፣ ከዚያም ከሁለት ሳምንት በኋላ። ይህን ወስዶ ምንም ካልተለወጠ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን። ተቅማጥ የሚመላለስበት ከሆነ ግን ይንገሩን፤ ቅባት የማይመጥ አንጀት ቫይታሚን ኤንም አይመጥም። «ምናልባት» እያሉ ቫይታሚኑን መደጋገም ይቅር፤ ሲበዛ መርዝ ነው።

አዎ፣ ዳፍንት ይወረሳል። በ1637 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደ ዣን ኑጋሬ የሚባል ፈረንሳዊ ሥጋ ሻጭ ዳፍንቱን ለልጅ ልጆቹ አውርሶ፣ የዘር ሐረጉ በ1838 ታትሟል። በእሱ ቤተሰብ ከአባትም ከእናትም ይተላለፍ ነበር። የእርስዎ የተለየ ይመስላል፦ አጎትየው አለበት፣ የእህቱ ልጅ አለበት፣ መሐል ያሉት እናት ግን ደህና ያያሉ። እንዲህ ሲሆን ጉድለቱ እናትየዋ በምትሸከመው፣ ኤክስ ክሮሞዞም በሚባለው የዘር መልእክት ተሸካሚ ላይ ነው ብለን እንጠረጥራለን፤ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመድረሱ ዕድል ግማሽ ነው። አማትዎ ስለ ዘሩ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ወቀሳው ግን አይገባዎትም፤ ማንም ክሮሞዞሙን መርጦ አይወልድም።

ዋናው ጥያቄ የትኛው ዓይነት ነው የሚለው ነው። በሬቲና፣ ማለትም ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን ላይ የምሽቱን ሥራ የሚሠሩ 120 ሚሊዮን ያህል ዘንግ መሰል ሴሎች አሉ። በአንደኛው ዓይነት ሴሎቹ በሕይወት አሉ፤ የተቀበሉት ብርሃን መልእክት ግን ወደሚቀጥለው ሴል አያልፍም። ይህ አብሮ ተወልዶ አብሮ የሚኖር ነው፤ አይድንም፣ አይብስምም። ሩቅ ማየት አለመቻል ብዙ ጊዜ ይከተለዋል፤ የሰሌዳው ነገር ትኩረቴን የሳበው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ነው፤ ሴሎቹ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፣ የጎን እይታም እየጠበበ ይሄዳል። በሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ውስጥ ሁለቱም ምንም ምልክት ላያሳዩ ይችላሉ። በ36 ዓመት ሰው ላይ ግን በሽታው ሁለተኛው ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ጥቋቁር ነጠብጣቦች በሬቲናው ላይ ይታዩ ነበር፤ ከጎን የሚመጣ መኪናም ባላየ ነበር። ስለዚህ የወንድምዎ ዓይን ለልጁ ምስክር ነው። ሁለቱንም የዓይን ስፔሻሊስት ዘንድ ይውሰዱ።

እኔ ምርመራውን በከረሜላ ነው የምጀምረው። መጋረጃውን ዘግቼ መብራቱን አጠፋለሁ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተን ከረሜላዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣለሁ። እናት ወዲያው ታያታለች፤ ዳፍንት ያለበት ልጅ ወለሉን በእጁ ይዳብሳል። ቀጥሎ ብሌን በሚያሰፋ ጠብታ የመነጽር ልክና ሬቲና ይታያል። ቁርጡን የሚነግረን ኤሌክትሮሬቲኖግራም ነው፦ ልጁ 20 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ይቆይና ብልጭታ ይበራለታል፣ መሣሪያውም የሬቲናውን የኤሌክትሪክ ምላሽ ይመዘግባል። በጤናማ ዓይን መስመሩ ትንሽ ወርዶ ከፍ ብሎ ይወጣል። መልእክት በማያልፍበት ዓይን ይወርዳል፣ ሊወጣ ሲገባው ግን እዚያው ይቀራል። በሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ደግሞ ከመነሻው ደካማ ነው። መሣሪያው በየሆስፒታሉ ስለማይገኝ ሪፈር ሊጻፍልዎ ይችላል። ከተቻለ የደም ዘረመል ምርመራ ጉዳዩን ይቋጫል።

እስከዚያው ልጁ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ሲመሽ ባትሪ ይያዝ፤ መነጽር ካስፈለገው አይዘግይ። በአሜሪካ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተፈቀደው የዘረመል ሕክምና ለአንድ የተለየ ጉድለት ብቻ ነው፤ እኛ ለጠረጠርነው አይሆንም፤ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ሰው ቢመጣ አይስጡ።

ወንድምዎን ግን አደራ፦ ጠብታው ለሰዓታት እይታን ስለሚያደበዝዝ የምርመራው ዕለት ባጃጁን ቤት ይተዋት።