ነዳጅ የማይጠይቅ ግፊት፦ ከአዳማ የሳይንስ ወዳጆች ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ እዚሁ አዳማ የተቃጠሉ ሞተሮችን ሽቦ ስጠቀልል የኖርሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ስለ ሳተላይት የማነብ ሰው ነኝ። አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ፤ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ በየት በኩል እንደሚመለስ ሳታስቡ ስለ ግፊት አትጠይቁኝ።

ጥያቄ (ከደምበላ ሰፈር)፦ ጋሼ፣ ሳተላይት ያለ ነዳጅ ምሕዋሩን የሚለውጠው እንዴት ነው?

መልስ፦ ከሳተላይቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ረጅም ሽቦ ይዘረጋል፤ የስበት ልዩነትም ወጥሮ ይይዘዋል። ሽቦው በሴኮንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሲበር የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ ስለሚቆርጥ በየኪሎ ሜትሩ 200 ቮልት ገደማ ይመነጭበታል። ፍሰቱ እንዲያልፍ ከተፈቀደ መስኩ ሽቦውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ሳተላይቱም ይወርዳል። በፀሐይ ሰሌዳ ኃይል ፍሰቱን በግድ ከገለበጥነው ግን ወደ ፊት ይገፋዋል። በ1 ኪሎ ሜትር ሽቦ 1 አምፔር ቢያልፍ የሚገኘው ኃይል ከሦስት ግራም ክብደት አይበልጥም፤ ሆኖም ለወራት ሳይታክት ይሠራል። ፍሰቱ የሚመለሰው በአካባቢው ባለው ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ስስ ጋዝ በኩል ነው፤ በሁለተኛ ሽቦ ቢመለስ ኖሮ ሁለቱ ኃይሎች እርስ በርስ በተጠፋፉ ነበር።

ጥያቄ (ከፍራንኮ)፦ ታዲያ ነፃ ኤሌክትሪክ አገኘን ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሂሳቡን የሚከፍለው ምሕዋሩ ነው።

ጥያቄ (ከቦኩ ሸነን)፦ በሳተላይቶች ውስጥ ያሉት የመግነጢስ ዘንጎችስ አይገፉም?

መልስ፦ ሳተላይቱን ያዞራሉ እንጂ አይገፉም። በዘንጎቹ ላይ የተጠቀለለው ሽቦ ዝግ ነው፤ መመለሻው የት እንደሆነ ተመልከቱ ብዬ ነበር።

ከፍራንኮ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ግን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ጥቅል ሽቦ የለበሱ ሁለት መሣሪያዎች እርስ በርስ ተገፋፍተዋል።

ከደምበላ፦ በቆቃ ሐይቅ ጀልባ ላይ ሁለት ሰዎች ስለተገፋፉ ጀልባው ዳር አይደርስም።

ከፍራንኮ፦ በመካከላቸው ያለውን ርቀት መቆጣጠርም እኮ ትልቅ ነገር ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የተጠየቀው ግን ስለ አንድ ሳተላይት ነበር።

ጥያቄ (ከደምበላ)፦ በእውን ተሞክሮ ያውቃል?

መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በ500 ሜትር ሽቦ ተሞክሮ ፍሰቱ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሄድ እንደሚችል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ደግሞ ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር የጣሊያንን ሳተላይት በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ገመድ ስትለቅ 3,500 ቮልት ያህል ተገኘ፤ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው ግን ገመዱ ተበጠሰ። ብዙዎች ውጥረት የበጠሰው ይመስላቸዋል፣ ሆኖም የበጠሰው በመሸፈኛው ላይ በተፈጠረች ቀዳዳ በኩል የዘለለ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። እኔ ይህን በጠረጴዛዬ ላይ አየዋለሁ፤ የሞተር ጥቅል ስፈታ ቫርኒሹ የተላጠባትን፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ነጥብ አገኛለሁ፣ ከሥሯም መዳቡ ቀልጦ እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ስለ ሽቦው ርዝመት ከመከራከር በፊት ስለ መሸፈኛው መጠየቅ ይገባል።

ጥያቄ (ከቦኩ ሸነን)፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ለመጠቀችው ኢትዮጵያዊት ሳተላይት ይህ ይጠቅማት ነበር?

መልስ፦ እምብዛም። ምሕዋሯ በዋልታዎቹ አቅራቢያ የሚያልፍ ነው። የመግነጢስ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ መስኩ በአዳማ ሰማይ ላይ አግድም ተኝቶ ወደ ሰሜን ይዘረጋል፤ እሷም በዚያው መስመር ስለምትበር አትቆርጠውም። በዋልታዎቹ ዘንድ ደግሞ መስኩ ከሽቦው ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆማል።

ጥያቄ (ከፍራንኮ)፦ ሽቦውን ዘግተን በሳተላይቱ ውስጥ ብናስቀምጠውስ ይገፋል?

መልስ፦ መመለሻው የት ነው? ከላይ ያንብቡ።

ጥያቄ (ከደምበላ)፦ ለዲሽ ሳተላይትስ?

መልስ፦ በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ መስኩም ፕላዝማውም እጅግ የሳሱ ስለሆኑ አይሆንም።