ነርቭ ከሌለ አንጀቱ ለምን ይጨመደዳል?

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ሐኪሙ «የልጅሽ ትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ ነርቭ የለም» ካለሽ፣ ጡንቻው መልፈስፈስ ሲገባው ለምን ተጨምድዶ ሰገራውን እንደሚዘጋ ነው የጠየቅሽው። የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። በሽታው ሂርሽስፕሩንግ ይባላል፤ ይህ ነገር ተማሪ ሐኪሞችንም ግራ ያጋባል።

እጅና እግር ላይ ያልሽው ልክ ነው፤ ነርቩ ሲቆረጥ ይዝላል። የአንጀት ጡንቻ ግን ማንም ሳያዘው በራሱ ይኮማተራል። ስለዚህ ግድግዳው ውስጥ ካሉት የነርቭ ሴሎች ከፊሎቹ ዋና ሥራቸው እሱን ማላላት ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፤ ኤቲፒና ቪአይፒ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችም ያግዛሉ። ያኔ ጡንቻው ይላላል። ሰገራ ሲመጣ ከኋላው ያለው አንጀት ይጨምቃል፣ ከፊቱ ያለው ይለቃል። ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ እንግሊዛውያን በ1899 እ.ኤ.አ. ይህን በውሻ አንጀት ላይ አሳይተዋል።

ልጅሽ ጋ የጠፉት እነዚያ የነርቭ ሴሎች ናቸው። የሚያላላው ሲጠፋ ጡንቻው እንደተጨበጠ እጅ ይቀራል። ይባስ ብሎ ከውጭ የሚገቡት አኮማታሪ ነርቮች እዚያው አሉ፣ ወፍረውም ይገኛሉ። የፊንጢጣው የውስጥ በርም ሰገራ ሲደርስ በራሱ መላላት ነበረበት፤ አይላላም።

ራጅ ሲያሳዩን እናቶች ሁሉ ጣታቸውን የሚቀስሩት በተነፋው ክፍል ላይ ነው። የታመመው ግን ከሥሩ ያለው ጠባቡ ነው። የተነፋው ጤነኛ ነው፤ መውጫ አጥቶ ነው የተወጠረው። በሽታው በስሙ የተጠራለት የኮፐንሃገኑ ሐኪም ሂርሽስፕሩንግ በሽታውን በ1886 እ.ኤ.አ. ከገለጸ በኋላ፣ ሐኪሞችም ለአሥርተ ዓመታት ያዩት ያንን የተነፋውን ነበር። ጠባቡን ቆርጦ ጤነኛውን ወደታች የመሳብ ቀዶ ሕክምና የመጣው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም መሠረቱ ይኸው ነው።

ሐኪም በጣቱ ሲመረምር አይተሽ ይሆናል። ጣቱን ሲያወጣ አየርና ሰገራ ተፈንጥሮ ይወጣል፣ ሆዱም ወዲያው ይሟሽሻል። ጠባቡ ለአፍታ ስለተከፈተለት ነው። የሚያረጋግጠው ግን ባዮፕሲ፣ ማለትም ከአንጀቱ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነውና ካልተሠራለት ጠይቂ።

«በእርግዝናዬ ደንግጬ ነው» ያልሽውን ተይው። የነርቭ ሴሎቹ በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት ከላይ ወደ ታች እየተጓዙ አንጀቱን ይሞላሉ። የልጅሽ ግን መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ ለዚህ ነው ጉድለቱ ሁልጊዜ ከመጨረሻው የሚጀምረው። አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም።

ሰገራ ያወጣል ተብሎ ቅቤም ሆነ የጉሎ ዘይት በአፉ አታድርጊለት። የተዘጋው ከታች ነው፤ ቅቤው ወይም ዘይቱ ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እስከ ቀዶ ሕክምናው የሚያቆየው በፊንጢጣው በኩል በቱቦ የሚደረግ የአንጀት እጥበት ነው። የሚታጠበው በኖርማል ሳላይን፣ ማለትም ለሕክምና በተመጠነ የጨው ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አይደለም፤ ተራ ውሃ ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ ጨውን ያቀጥናል። ነርሷ እጅሽን ይዛ ታሳይሽ። የገባው ያህል መመለሱንም እይ።

ሆዱ ከተነፋ፣ ከተኮሰው፣ የሚሸት ተቅማጥ ከፈነጠቀው ወይም አረንጓዴ ካስታወከ ግን ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ሂጂ። ያ የአንጀት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥ ይከፋል። ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ምልክቶቹን ለአባቱም ንገሪው።